በፈቃዳቸው የመጡልን ልጆች

ጡረታ ስወጣ ጤና ጣቢያው ትንሽ የሽኝት ዝግጅት አድርጎልኝ ነበር። ንግግር ያደረገው ወጣት ሐኪም ስንት እናት እንዳዋለድኩ፣ ስንት ሕፃን እንደከተብኩ ከየሰው ጠያይቆ መጥቶ ነበርና ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ። እሱ ያልሰማው ግን የሥራ ዘመኔን ግማሽ የበላው ነገር ነው። ከመርፌውም ከማዋለዱም ይልቅ ያደከመኝ ሰው መለመን ነው። በደርግ ጊዜ ልደታ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ ስለምን ኖሬያለሁ፤ ቅዳሜያችሁን ስጡኝ፣ ጎረቤታችሁ ታሟል፣ ሄዳችሁ እዩልኝ እያልኩ። ያን ሥራ አብረውኝ ከሠሩት መካከል የሚጽፈው ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ልጽፈው ተነሣሁ። ደስ የሚል መጨረሻ እንደሌለው ግን ከወዲሁ ልናገር።

መጀመሪያ የተመደብኩት በጅማ መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቢሮ አይገኙም። ነርስነትን እዚያ ተለማመድኩት እንጂ አልተማርኩትም። ወደ ልደታ የተዛወርኩት አብዮቱ ፈንድቶ፣ በየመንገዱ ሬሳ የሚታይበት ክፉ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። አለፈ ይባላል እንጂ በየቤቱ ገና ነበር። በር ሲንኳኳ የቤቱ ሰው ሁሉ ይተያያል። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ለዚህም ለዚያም መዋጮ ተቆርጦ የሚተርፈውን እንበላ ነበር።

ሲስተር አስካለን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። ክፍላችን የሳንባ ነቀርሳ ክትትል ይባላል፤ ሠራተኞቹ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። በሽተኛው መጀመሪያ በየቀኑ እየመጣ መርፌ ይወጋል፣ ከዚያ ዓመት ያህል ኪኒን ይውጣል። ችግር የሚመጣው መርፌው ካለቀ በኋላ ነበር። ሳሉ ሲተወው፣ የሌሊት ላቡ ሲደርቅ፣ እህል ሲጣፍጠው በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ኪኒኑን ይተዋል። ከወራት በኋላ ደም እየተፋ ሲመለስ ያ መድኃኒት አይሠራለትም። ሌላ መድኃኒት ደግሞ አልነበረንም።

ስለዚህ ቤት ለቤት መሄድ ነበረብን። ሲስተር አስካለ ነጭ ጋውናቸውን ጤና ጣቢያ ሰቅለው በሹራብ ነው የሚሄዱት። በር አያንኳኩም። ከደጅ ቆመው በስም ይጣራሉ፤ አስካለ ነኝ ይላሉ፤ ይግቡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ። የሰጧቸው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፣ መቀመጫውን በእጃቸው አይጠርጉም፣ የቀረበላቸውን ውኃ ይጠጣሉ። ስለ ሳል አያነሡም። ትናንት ምን በላችሁ ብለው ይጀምሩና ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቀበሌው ሱቅ ወረፋ ያወራሉ። ዓይናቸው ግን ሥራ ላይ ነው። አንገት ላይ ያለው ማተብ ሰፍቶ እንደሆነ፣ ቀለበት ጣት ላይ ይዞር እንደሆነ፣ አክታ የሚተፋበት ቆርቆሮ አመድ እንዳለው፣ መስኮቱ ተከፍቶ እንደዋለ ያያሉ። ገና መርፌ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ሲወጡ እንዲሸኛቸው ያደርጋሉ። ለክብር መስሎኝ ነበር። ያ መርፌ ጆሮንና የሰውነትን ሚዛን ስለሚጎዳ፣ ሰውየው ሲራመድ ይንገዳገድ እንደሆነ ለማየት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ኪኒንህን ውጠሃል ወይ ብለሽ አትጠይቂ» ይሉኝ ነበር። «ሁሉም ውጫለሁ ነው የሚልሽ። በምን ዋጥከው በይው። የዋጠ ሰው በሻይ፣ በውኃ፣ በአጥሚት ብሎ ቶሎ ይነግርሻል። ያልዋጠ ትንሽ ያስባል።»

ሁለት ሴቶች ያን ሁሉ ቤት አናዳርስም። በሽተኛ ይጠፋብናል፤ ስንደርስ ለቅሶ ተቀምጠው እናገኛለን። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ቤት ስንመለስ ሲስተር አስካለ በአቅራቢያችን ወዳለው ኮሌጅ እያዩ ቆሙ። ተማሪዎቹ ከትምህርት እየወጡ ነበር።

«ከእነዚህ ብዙዎቹ እዚሁ ሰፈር ነው የሚያድሩት» አሉኝ። «በሽተኞቻችን ደጅ ነው የሚያልፉት።»

የቅዳሜው ሥራችን እንዲህ ተጀመረ። ግማሽ ቀን ትምህርት አልቆ ሲወጡ በር ላይ ቆመን እናነጋግራቸዋለን። አብዛኞቹ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ሰብሰብ ብሎ መቆም ራሱ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበርና አልፈርድባቸውም። አንድ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ ግን ቆሞ ሰማንና ፈገግ አለ።

«ሲስተር፣ እኛ በፈቃዳችን ያልሄድንበት የለም» አላቸው። «ለዘመቻ በፈቃዳችን፣ ለሰልፍ በፈቃዳችን፣ ለመዋጮ በፈቃዳችን። አሁን ደግሞ የት ሊወስዱን ነው?»

ጓደኞቹ ዞር ዞር ብለው አዩ። ሲስተር አስካለ ድምፃቸውን አልለወጡም።

«የትም አልወስድህም። አልመጣም ካልከኝ ስምህንም አልጠይቅህም። ሻይ የምትጠጡበት ቤት ጀርባ አንዲት ሴት ታማለች። በሳምንት አንድ ቀን ገብቶ እንዴት ዋልሽ የሚላት ሰው ነው የምፈልገው። ሁለት ጊዜ ሄደህ የምትቀር ከሆነ ግን ከነጭራሹ አትሂድ። የለመደችው ሰው ሲቀርባት ኪኒኑንም ትተወዋለች።»

ልጁ አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣችው አጠገቡ ቆማ ስትሰማ የነበረች፣ የነጠላ ጫፍ የሚያህል ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ናት። ኑሪያ ትባላለች። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቷ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። እሷ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ምን አመጣሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ስሜን ስላልጠየቁኝ ነው» አለችኝ።

ሻይ ቤቱ ጀርባ ያለችው ሴት ወይዘሮ ብርቄ ነበረች። ልደታ ማርያም ቅጥር ሥር ጧፍ ትሸጣለች፤ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ነው የምትኖረው። መርፌዋን ስትወጋ የነበረው በጤና ጣቢያው የኋላ በር እየገባች ነው። ነቀርሳ አለባት ከተባለ ከእጇ ጧፍ የሚገዛ እንደማይኖር ታውቃለች። ኪኒኑን ከጀመረች በኋላ ግን መምጣት አቆመች።

ሲስተር አስካለ ኑሪያን አንድ ቀን ብቻ ይዘዋት ሄዱና ከዚያ በኋላ ለብቻዋ ተዉአት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወይዘሮ ብርቄ በር ላይ አቁማ ነበር የምትመልሳት። ኑሪያ ከደጅ ሆና «እትዬ ብርቄ፣ ኑሪያ ነኝ» ትላለች፤ ሴትዮዋ ደህና ነኝ ትላለች፤ በቃ። ልጅቷ ግን አልቀረችም። አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ብርቄ የጧፍ ሣጥኗን ተሸክማ ስትወጣ ደረሰችና ሣጥኑን ከእጇ ተቀበለች። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አደረሰችላት። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተላት።

ጎረቤት ይህቺ ልጅ ምንሽ ናት ሲላት ወይዘሮ ብርቄ ፊደል ታስቆጥረኛለች አለች። የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለነበር ሁሉም አመነ። ኑሪያ ይህን ስትሰማ ነገሩ ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ብላ እውነትም ታስተምራት ጀመር። ኪኒኑ በትምህርቱ መካከል ይዋጣል። ወይዘሮ ብርቄ ጧፎቿን በሣጥኑ ላይ እየደረደረች ሀ ሁ ትሠራ ነበር። የዚያን ዓመት ግንቦት ልደታ ዕለት ሣጥኗን ባዶ አድርጋ ስትገባ አየኋት። ጉንጯ ሞልቷል፤ ማተቧ አንገቷ ላይ ልክ ሆኗል።

ኑሪያ ጓደኞቿን አመጣች፤ እነሱም ሌሎች አመጡ። አንድ ተማሪ ለአንድ በሽተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት ጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ይሰበሰቡና ሲስተር አስካለ አንድ በአንድ ያዩትን ያስወሯቸዋል። ማንም አይጽፍም። አንዱ ልጅ «የእኔ ሰውዬ ዛሬ ሰደበኝ» ሲል «ጥሩ ነው፣ ጉልበት አገኘ ማለት ነው» ይሉታል። በሕይወቴ ከዚያ ክፍል የሚበልጥ ደስታ ያየሁበት ቦታ የለም። ሰዎች ያለ ፍርሃት የሚስቁበት ሌላ ስብሰባ በሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ንጉሤ ይህን ሰምቶ መጣ። ስለ እሱ ክፉ ብቻ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን እውነቱ እንዲያ አይደለም። ሰው አላሳሰረም፣ ስኳርም አልሰረቀም። መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አመሰገነን።

«ይህ ሥራ ግን በጥቂት ልጆች ፍላጎት የሚተው አይደለም» አለ። «ተደራጅቶ በዘመቻ መሠራት አለበት። የቀበሌያችን የኮሌጅ ተማሪ ሁሉ በፈቃደኝነት ይሰለፋል።»

«ሁሉም ከተሰለፈ ፈቃደኝነቱ የቱ ጋ ነው?» አሉት ሲስተር አስካለ።

«እርስዎ ጥቂት ቤት ይደርሳሉ። እኔ ሁሉንም ቤት ልድረስ እያልኩ ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህ ሰዎች የሚያስገቡን ማንም ስለማያውቅ ነው።»

እሱም፣ «ወንድሜ የሞተው በዚህ በሽታ ነው» አለ። «እናታችን ጓሮ ደብቃው። ሰው እንዳያውቅ ብላ ሐኪም ዘንድ አልወሰደችውም። ገዳዩ ድብቅነቱ ነው፣ ሲስተር። እኔ ድብቅነቱን ነው የማጠፋው።»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ሲስተር አስካለ ስለ ወንድሙ አዘኑለት፤ ነገር ግን በሽተኛ በድምፅ ማጉያ አይፈለግም፣ እኔም አልተባበርም አሉት። ብዙም ሳይቆይ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ደቡብ ራቅ ያለ አውራጃ ተዛውረዋል የሚል ደብዳቤ መጣላቸው። ማን እንዳስደረገው አላውቅም። ሊቀመንበሩ ሲሰማ ሲደነግጥ ማየቴን ግን መናገር አለብኝ። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ሹራባቸውን እያስተካከሉ «ልጆቹን አትልቀቂያቸው» አሉኝ። በሄዱ በዓመቱ እዚያው በወባ ማረፋቸውን ሰማን።

ዘመቻው የተደረገው እሳቸው በተዛወሩ በሁለተኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት ቀበሌ ቢሮ ሄጄ ቢያንስ ቤት አታሳዩ ብዬ ለመንኩ። ጓድ ንጉሤ ስም አንጠራም ብሎ ቃል ሰጠኝ። ስም አልጠሩም። የቀበሌው ጥበቃዎች ግን ኑሪያና ጓደኞቿ በየሳምንቱ የት የት እንደሚገቡ ካዩ ቆይተዋል።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ተማሪዎች ሁሉ ተሰለፉ። ያልመጣ ቤተሰቡ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ተብሏል። ቀይ ጨርቅ ላይ የሳንባ ነቀርሳን በተባበረ ክንድ እንደመስሳለን የሚል ተጽፏል። ኑሪያም ሰልፉ መካከል ነበረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። መንደሩን እየዘፈኑ አለፉና ወይዘሮ ብርቄ ደጅ ሲደርሱ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ስኳርና ሳሙና ሊሰጣት ወጥታ እንድትቀበል በድምፅ ማጉያ ጠየቃት። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቷል። ሴትዮዋ ወጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አድርሳ ሳሙናውን ተቀበለች። ከዚያም ተማሪዎቹ በባልዲ ያመጡትን ኖራ አወጡና ግድግዳዋን ከላይ እስከ ታች ቀቡላት። ለበሽተኛ ንጹሕ ቤት ያስፈልገዋል ተብሎ ነው። አንዱን ብሩሽ ለኑሪያ ሰጧት። ቀባች።

ሲሄዱ መንደሩን አየሁት። ሁሉም ቤት የጭቃ መልክ ነው። ነጭ የሆነው የእሷ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም ጧፍ አልገዛትም። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ቅጥሩ ሥር ስትቀመጥ ሰው ሰላም ብሏት ወደ ሌላዋ ሻጭ ያልፋል። ከቧንቧው ውኃ ስትቀዳ ሌሎቹ እንስራቸውን ራቅ አድርገው ይጠብቃሉ። ኑሪያ እንደ ልማዷ ደጅ ቆማ ብትጠራት በሩ አልተከፈተም።

«ሂጂ ልጄ» አለቻት ከውስጥ። «እኔን ካየሽ አንቺንም ይሸሹሻል። አባትሽ ደንበኛ ያጣሉ።»

በሦስተኛው ሳምንት ስንሄድ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ሣጥኑ ደጅ ላይ ቀርቷል። ኑሪያ ከክፍል እየቀረች ሰው ስትጠይቅ ሰነበተች፤ መጨረሻ ላይ አንዲት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወይዘሮ ብርቄ እንጦጦ ጸበል መውጣቷን ነገረችን። አብረን ሄድን። ተራራው ላይ፣ ከላስቲክ የተሠራ መጠለያ ሥር፣ ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ተኝታ አገኘናት። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ኪኒን አምጥቼልሻለሁ አልኳት። በዓይኗ ወደ ላስቲኩ ጥግ አሳየችኝ፤ የበፊቱ ኪኒን ሳይዋጥ በጨርቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል።

ኑሪያ አጠገቧ ተቀምጣ «እኔ አልነገርኳቸውም፣ እትዬ ብርቄ» አለቻት።

«አውቃለሁ፤ ፊትሽን አይቻለሁ» አለች። «ግድግዳውን ስትቀቢ።»

እሷን ወደ ሆስፒታል ለማስገባት ሞከርኩ። አልጋ ሲገኝ አርፋ ነበር። የቀበሯት ጸበል ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የቅዳሜ ልጆቻችን ከሚጠይቋቸው በሽተኞች ሌሎችም ነገ የእኛ ደጅ ነው ብለው በዚያው ዓመት ጠፉ፤ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የማላውቃቸው አሉ። ጓድ ንጉሤ ከበላይ አካል ምስጋና አገኘ። ስለ ወይዘሮ ብርቄ ስነግረው፣ «ከወንድሜ ጋር ሁለት ሆኑ» አለኝ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ።

ኑሪያ ትምህርቷን ጨርሳ ሐረርጌ ተመደበች። ከመሄዷ በፊት ጤና ጣቢያ መጣች። ወደ ቤቷ የምትሄደው ዙሪያውን በዋናው መንገድ ነው፤ በዚያ መንደር ማለፍ ትታለች።

«የሰው ደጅ መቆም እፈራለሁ» አለችኝ። «ሰላም ልበል ብዬ ብቆም እንኳ፣ የሆነ ሰው ከኋላዬ የሚያየኝ ይመስለኛል።»

ያቺ ልጅ ስትመጣ የነበራትን ነገር መልሼ ልሰጣት አልችልም ነበር። ተሳሳምን፤ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እኔ ግን ልጆቹን አትልቀቂያቸው የተባልኩትን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ በር ላይ መቆሜን አልተውኩም። የሲስተር አስካለን ቃል አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሰሚ አጣሁ። ወንዶቹ ለብሔራዊ ውትድርና ሊታፈሱ የሚችሉበት ጊዜ ስለመጣ የማያውቁት ሰው ሲጠራቸው እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ሴቶቹ ይቅርታ ሲስተር ብለው ያልፋሉ። አንድ ሁለቱ መጥተው ሁለቴ ሄደው ቀሩ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ሊቀመንበር ጠራኝ። የሰፈሩን የኮሌጅ ተማሪዎች በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቤያለሁ፣ ስለ ፈቃደኝነት ንገሪልኝ አለኝ። ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ በር ላይ ስም እየተጠራ ነው የገቡት። ስለ ነቀርሳ፣ ኪኒን ስለሚያቋርጡት፣ በየደጃቸው ስለሚሞቱት ሰዎች ነገርኳቸው። ማንንም እንደማላስገድድ ነገርኳቸው። የሚፈልግ ብቻ ይምጣ፣ የማይፈልግ ባይመጣ ምንም አይደርስበትም አልኩ። የምችለውን ያህል ከልቤ ተናገርኩ።

«እንግዲህ በገዛ ፈቃዱ የሚመጣ ካለ እጁን ያውጣ» አልኩ።

ያ ሁሉ እጅ ባንድ ጊዜ ወጣ። የቀረ አልነበረም። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ እጇን ዘርግታ የምታየው እኔን አይደለም፣ በር ላይ የቆሙትን ጥበቃዎች ነው። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት አጨበጨበ። እጃችሁን አውርዱ አልኳቸው። አላወረዱም። ደግሜ፣ እባካችሁ ልጆቼ አውርዱ አልኩ። ፊተኛ ሆኖ ለማውረድ የደፈረ ግን አልነበረም።